ሕንድን 25 ዓመት ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠው የጥያቄና መልስ ውድድር

የሕንድ ፊልም አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ በሚታይበት ዘመን ያደገ ሰው አሚታብ ባቻንን አይረሳም። ረጅሙ፣ ድምፀ ወፍራሙ፣ ብቻውን አንድ መንደር ወሮበላ የሚዘርረው ሰውዬ። ብዙዎቻችን የምናውቀው እዚያ ድረስ ነው። ዛሬ ሕንድ ውስጥ ላለ ወጣት ግን አሚታብ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ጥያቄ የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። ፕሮግራሙ "ኮን ባኔጋ ክሮርፓቲ" ይባላል፣ ባጭሩ ኬቢሲ። የጀመረው በፈረንጆቹ 2000 ሐምሌ 3 ነው (ከዚህ በኋላም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ 2025 ላይ 17ኛ ምዕራፉን ጀምሯል።

አንድ ከውጭ የተገዛ የጥያቄና መልስ ጨዋታ እንዴት እዚህ ደረሰ? ሰው ሁሉ "ገንዘቡ ነዋ!" ይላል። እኔ አይመስለኝም። ለማንኛውም የገንዘቡን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው።

ሕንዶች ብዙ ገንዘብ ሲቆጥሩ ሚሊዮን አይሉም። 100 ሺሕ "ላክ" ነው፣ 100 ላክ ደግሞ አንድ "ክሮር"፣ ማለትም 10 ሚሊዮን። ክሮርፓቲ የክሮር ጌታ ነው። ጨዋታው የመጣው ከብሪታንያ ነው፣ በ1998 አይቲቪ ላይ ከጀመረው "ማን ሚሊየነር መሆን ይፈልጋል?" ከሚለው ውድድር። ዓረብ አገር የኖረ ሰው ጆርጅ ቆርዳሂ በኤምቢሲ ያቀርበው የነበረውን የዓረብኛውን ቅጂ ያስታውስ ይሆናል፤ ያው ጨዋታ ነው። የሕንዱን መብት የያዘው ስታር ፕላስ የተባለው ቻናል ነበር። የዚያን ጊዜ የፕሮግራም ኃላፊው ሳሚር ናይር በኋላ ሲያወሩት እንደተሰማው፣ መጀመሪያ የታሰበው ሽልማት 1 ላክ ሩፒ ነበር። የቻናሉ ባለቤት ሩፐርት መርዶክ "በዶላር ስንት ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። 2 ሺሕ ምናምን ነው አሉት። ይሄማ ምኑ ሽልማት ሆነ ተባለና በአንዴ መቶ እጥፍ አድጎ 1 ክሮር ሆነ። በጊዜው ምንዛሪ 220 ሺሕ ዶላር ገደማ ማለት ነው።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ጥያቄ ነበረው፣ እያንዳንዱ አራት አማራጭ ያለው። የመጀመሪያው 1 ሺሕ ሩፒ ያስገኛል፣ አምስተኛው 10 ሺሕ፣ አሥረኛው 320 ሺሕ፣ አሥራ አራተኛው 5 ሚሊዮን፣ የመጨረሻው 10 ሚሊዮን። አምስተኛውና አሥረኛው ላይ ማረፊያ አለ፤ እነሱን ካለፍክ በኋላ ብትሳሳትም ከዚያ በታች አትወርድም። ሦስት እገዛ ይሰጥሃል፦ ሁለት የተሳሳቱ አማራጮችን ማስጠፋት፣ ለወዳጅ መደወል፣ ታዳሚውን መጠየቅ።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጥያቄውን ካየህ በኋላ "በቃኝ" ብለህ የያዝከውን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። አሁን 14ኛውን መልሰህ 15ኛው ፊት ቁጭ ብለሃል እንበል። እጅህ ላይ 5 ሚሊዮን አለ። ከመለስክ 10 ሚሊዮን፣ ከተሳሳትክ 320 ሺሕ። በደረቅ ሒሳብ ካሰላነው መልሱን የማግኘት ዕድልህ ከ48 በመቶ ትንሽ ከበለጠ መሞከር ያዋጣል። ሁለት አማራጭ ብቻ ቀርቶልህ ከሆነ እንግዲህ ሒሳቡ "ሞክር" ይልሃል። ግን በወር 6 ሺሕ ሩፒ ለሚያገኝ ሰው 5 ሚሊዮን ሩፒ የ69 ዓመት ደመወዝ ነው። የ69 ዓመት ደመወዝ በእጁ የያዘ ሰው ሒሳብ ይሠራል? አይሠራም፤ ያልበዋል፣ ታዳሚው መሀል የተቀመጠችውን እናቱን ያያል፣ ውኃ ይጠጣል። አገር ሁሉ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ "ተው ውጣ!" እያለ ይጮህበታል። የድራማው ሞተር ይቺ ናት።

ግን ይሄ ሞተር በየአገሩ አለ። ያው ጨዋታ በብዙ አገር ታይቶ፣ ገኖ፣ ደብዝዞ ቀርቷል። ሕንድ ውስጥ ምን ለየት አለ?

ወደ 2000 እንመለስ። ስታር ፕላስ ያኔ ከዚ ቲቪና ከሶኒ ኋላ የሚጎተት፣ እንግሊዝኛና ሂንዲ የቀላቀለ ቻናል ነበር። አሚታብ ደግሞ ከዚያ ብሶ። በ1990ዎቹ ኤቢሲኤል የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ፣ በ1996 ባንጋሎር የተካሄደውን የሚስ ወርልድ ውድድር ሳይቀር አዘጋጅቶ፣ ኩባንያው ከስሮ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። አበዳሪዎች ቤቱ ድረስ ይመጡ ነበር። ፊልሞቹም አልሄዱለትም። ዕድሜው 57። በዚያ ላይ የፊልም ንጉሥ ወደ ቴሌቪዥን መውረድ እንደ ውርደት ነበር የሚታየው፤ ባለቤቱ ጃያም ነገሩን እንዳልወደደችው ራሱ ተናግሯል። ለንደን ወስደው የእንግሊዙን ቀረጻ አሳዩት። ሐሳቡን የቀየረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ግን ሁሉም ነገር ልክ እንደዚያ ጥንቅቅ ብሎ እንዲሠራ ጠይቆ።

ፕሮግራሙ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይታይ ጀመር። በዚያው ምሽት ቻናሉ ለዓመታት የሚዘልቅ የአማትና ምራት ድራማም አስጀምሮ ነበርና ሁለቱ ተጋግዘው ስታር ፕላስን አንደኛ አደረጉት። ተፎካካሪዎች ደነገጡ። ዚ ቲቪ ወዲያው የ10 ክሮር ውድድር አቀረበ፣ በአሥር እጥፍ ማለት ነው፤ ሁለት የታወቁ የፊልም ተዋንያን አቅራቢ አድርጎ። አልሄደም። ገንዘብ ብቻውን ሰው አፍዝዞ የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ የ10 ክሮሩ የ1 ክሮሩን ድራሹን ባጠፋው ነበር።

እንደኔ እንደኔ ምስጢሩ የቋንቋና የክብር ጉዳይ ነው።

ከዚያ በፊት ሕንድ ውስጥ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር የሚባለው ነገር የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ልጆች ጨዋታ ነበር። ካልካታ፣ ቦምቤይ፣ ደልሂ፣ ጥሩ ኮሌጅ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ። በ1985 ዱርዳርሻን በተባለው የመንግሥት ቴሌቪዥን "ኩዊዝ ታይም" የሚባል ዝነኛ ውድድር ነበር፤ የኮሌጅ ቡድኖች በእንግሊዝኛ የሚፋለሙበት። አቅራቢው ሲዳርታ ባሱ ይባላል። እና ኬቢሲን በሂንዲ ያዘጋጀው ማን መሰላችሁ? ይኸው ሲዳርታ ባሱ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ጨዋታውን ከኮሌጁ ግቢ አውጥቶ ቢሃር በምትባል ግዛት ገጠር ላለ መምህር አስረከበው ማለት ነው። ጥያቄው በሂንዲ ይነበባል፣ መልሱ በሂንዲ ይመለሳል፣ እንግሊዝኛ ባለማወቅህ የሚስቅብህ የለም። ይሄ በእንግሊዝኛ የሥራ ቃለ መጠይቅ ተንተባትቦ ለሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እኛም አገር የሚገባው ሰው አይጠፋም።

የአሚታብ ሂንዲ ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። አባቱ ሃሪቫንሽ ራይ ባቻን ትልቅ የሂንዲ ገጣሚ ነበር፣ ልጁም ቋንቋውን ሲናገር ጣፋጭ ነው። "ክቡራትና ክቡራን" ብሎ ይጀምራል። መልሱን ለማጽናት በእንግሊዝኛና በሂንዲ ድብልቅ "ይቆለፍ?" ይላል፤ ይቺ አባባል ከፕሮግራሙ ወጥታ በየሰፈሩ የሰው አፍ ማሟሻ ሆናለች። ኮምፒዩተሩን እንኳን "ኮምፒዩተር ጂ" ነው የሚለው፣ በእኛ ቢሆን "ጋሽ ኮምፒዩተር" እንደማለት። ለኮምፒዩተር ይህን ያህል ክብር ካለው ለሰውማ አስቡት። ሴት ተወዳዳሪ ስትቀመጥ ወንበር ይስባል። የ20 ዓመት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው በአክብሮት ያናግራል። አልቅሰው እንደሆነ መሐረብ ያቀብላል። ታዳሚው መሀል ለተቀመጡ ወላጆች እጆቹን ገጥሞ ሰላምታ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ በየቢሮው "ነገ ተመለስ" ሲባል የኖረ ሰው የአገሪቱ ትልቁ ኮከብ ፊቱ ተቀምጦ "እስቲ ስለ ቤተሰብዎ ይንገሩኝ" ሲለው ተመልካቹም አብሮ ይከበራል።

ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። በ2007 ሦስተኛው ምዕራፍ ሲመጣ አሚታብ አልነበረም፣ በቦታው ተዋናዩ ሻህሩክ ካን ተተካ። ሻህሩክ ያኔ ከማንም በላይ ተወዳጅ ነበር። ተጫዋች ነው፣ ያቅፋል፣ ይቀልዳል፣ ተወዳዳሪውን እንደ ጓደኛ ነው የሚያወራው። ሽልማቱም 2 ክሮር ደርሷል። ሁሉ ነገር ነበረው፤ ተመልካቹ ግን የድሮውን ያህል አልመጣም። ሰው የፈለገው ጓደኛ አልነበረም፣ የሚያከብር ትልቅ ሰው ነበር። ፕሮግራሙ ለሦስት ዓመት ጠፍቶ በ2010 ጥቅምት 11 በሶኒ ቻናል ሲመለስ አቅራቢው እንደገና አሚታብ ሆነ። ቀኗም የልደት ቀኑ ነበረች።

ከዚህ በኋላ ነው ትናንሾቹ ከተሞች በደንብ የገቡበት። የማስታወቂያ መፈክሮቹን ብቻ ማየት ይበቃል። የ2010ሩ "ትንሽ የሚባል ጥያቄ የለም" የሚል ነበር፤ የ2011ዱ ደግሞ "ትንሽ የሚባል ሰው የለም"። አዘጋጆቹ ምን እየሸጡ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ 1 ክሮር የወሰደው ሐርሽቫርዳን ናዋቴ የከተማ ልጅ ነበር፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ትልቁ ፈተና የሚዘጋጅ። የመጨረሻ ጥያቄው ከሕገ መንግሥት ነው የወጣው፤ የፓርላማ አባል ሳይሆን በፓርላማው ሒደት መሳተፍ የሚፈቀድለት ማን ነው የሚል። መልሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕንድ ውስጥ ለጥቂት የመንግሥት ሥራ ቦታ እጅግ ብዙ ወጣት ይፈተናል፤ ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዱ አምስት ስድስት ዓመት፣ ሕገ መንግሥት፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ እያነበነበ ይከርማል። አብዛኛው ይወድቃል። ያ ሁሉ የተሸመደደ ዕውቀት ዋጋ የሚያወጣበት ሁለተኛ ቦታ ኬቢሲ ሆነ።

የ2011ዱ ሱሺል ኩማር ይለያል። ሞቲሃሪ ከምትባል የቢሃር ከተማ የመጣ፣ በመንግሥት የገጠር ሥራ ፕሮግራም ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ የሚጽፍ፣ ደመወዙ ያችው 6 ሺሕ ሩፒ። በዚያ ምዕራፍ ከፍተኛው ሽልማት 5 ክሮር ነበር። የመጨረሻ ጥያቄው፦ በ1868 የኒኮባር ደሴቶችን ለእንግሊዝ ሸጦ ከሕንድ የወጣው ቅኝ ገዢ ማነው? ቤልጅየም፣ ጣልያን፣ ዴንማርክ ወይስ ፈረንሳይ? ዴንማርክ አለ። ትክክል። አሚታብ አቀፈው፣ ልጁ አለቀሰ፣ አገር አለቀሰ።

ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ሕይወት ግን ይቀጥላል። መጀመሪያ መንግሥት መጣ፤ በሕንድ ሕግ ከእንዲህ ዓይነት ሽልማት 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል፣ ተጨማሪዎቹን ሳንቆጥር። ቀጥሎ ሰው መጣ። ሱሺል በ2020 ፌስቡክ ላይ ራሱ በጻፈው መሠረት እርዳታ ለሚጠይቁት ሁሉ በድብቅ ይሰጥ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ተሸውዷል። መጠጥና ሲጋራ ለመደ። ትዳሩም ተናጋ። ከሁሉ የማልረሳው የላሞቹን ነገር ነው። አንድ ቀን ጋዜጠኛ ደውሎ ሲነዘንዘው በንዴት "ገንዘቡ አልቋል፣ ሁለት ላም አሉኝ፣ ወተት እየሸጥኩ ነው የምኖረው" አለው። ዜናው ወጣ። በማግሥቱ ያ ሁሉ ወዳጅ ዘመድ፣ ያ ሁሉ የክብር እንግዳ ጥሪ ድራሹ ጠፋ። ፊልም ልሥራ ብሎ ሙምባይ ሄዶም ነበር፤ አልሆነለትም። በኋላ አገሩ ተመልሶ መምህርነትና ዛፍ መትከል ውስጥ ገባ፣ ሰላም ያገኘሁት አሁን ነው አለ።

ሁሉም እንደዚህ አይደለም። በ2019 ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ምሳ የምታበስል፣ በወር 1,500 ሩፒ የሚከፈላት ሴት 1 ክሮር ወሰደች። ስትመኝ የኖረችው የራሷ ሞባይል ነበር፤ በቤተሰቡ ያለው አንድ ስልክ ነው።

ስለ ተጽዕኖው ሲወራ ብዙዎች የሚጠቅሱት "ስላምዶግ ሚሊየነር" የተባለውን፣ በ2009 ስምንት ኦስካር ያፈሰውን ፊልም ነው። እውነት ነው፣ ያለ ኬቢሲ አይታሰብም። ግን ያ ፊልም ዓለምን እንጂ ሕንድን ያን ያህል አልቀየረም። ለኔ ትልቁ ተጽዕኖ የቋንቋ ቅጂዎቹ ናቸው። ሂንዲን የአፍ መፍቻዬ የሚለው ሕዝብ በ2011 ቆጠራ 44 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹም "የኛስ?" አሉ። ቤንጋሊኛው በክሪኬት ኮከቡ ሳውራቭ ጋንጉሊ፣ ቴሉጉው በናጋርጁና፣ ካናዳኛው (ይህም የሕንድ ቋንቋ ነው) በፑኒት ራጅኩማር፣ ታሚሉ በሱሪያ ቀረበ፣ ቦጅፑሪኛም ሳይቀር። ሁሉም ቦታ የተመረጠው የአካባቢው ሰው አንቱ የሚለው ኮከብ ነው።

አሁን ደግሞ ወደማይወራለት ጎን። ፕሮግራሙ "ዕውቀት ያለው ያልፍለታል" ይላል። ደስ ይላል፣ ግን ለጥቂት ወንበር ሚሊዮኖች ይሞክራሉ፤ ካለፉትም ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወይም በትንሽ ገንዘብ ይመለሳሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከጥያቄው በፊት የሚታየው የድህነት ቪዲዮ እየረዘመ መጥቷል፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ አባት ሲያለቅስ፣ ሙዚቃ ከኋላ። እኔ እዚያ ላይ ሪሞቱን አነሳለሁ። የክብሩ ነገርም አንዳንዴ መልሶ ይናደፋል። በ2025 አንድ ሕፃን ተወዳዳሪ አሚታብን አቋርጦ "ቶሎ ጠይቁኝ" ዓይነት ንግግር ስለተናገረ ማኅበራዊ ሚዲያው ለቀናት ልጁን ሲሰድብ ከረመ። ትልልቅ ሰዎች፣ በልጅ ላይ። ጨዋነትን ለማስተማር ስድብ!

የቴክስት መልእክቱም ጉዳይ አለ። በ2007ቱ ምዕራፍ ተመልካች ከቤቱ በውድ ታሪፍ በኤስኤምኤስ እየመለሰ 2 ላክ የሚያሸንፍበት ውድድር ነበር። አንድ የሸማቾች ማኅበር ከሰሰ፦ ሽልማቱ ነፃ ስጦታ መስሎ ይቀርባል እንጂ የሚከፈለው ከመልእክቱ ገቢ ነው ብሎ። የብሔራዊ ሸማቾች ኮሚሽኑ በ2008 ቻናሉንና የቴሌኮም ኩባንያውን ቀጣ። ቅጣቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1 ክሮር! በኋላ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ ውሳኔውን ሽሮታል።

እና አጭበርባሪዎቹ። "የኬቢሲ ሎተሪ 25 ላክ ደርሶዎታል" የሚል የዋትስአፕ መልእክት ሕንድ ውስጥ ለዓመታት ሰው ሲበላ ኖሯል፤ ፖሊስም ደጋግሞ አስጠንቅቋል። መልእክቱ ላይ ሁልጊዜ የአሚታብ ፎቶ አለ። ከዚያ የድምፅ መልእክት ይከተላል፣ "የባንክ ሥራ አስኪያጁ" ጋር ደውል ይባላል፣ ቀጥሎ ለማስፈጸሚያ ጥቂት ሺሕ ሩፒ አስገባ፣ ከዚያ ለግብር፣ ከዚያ ለሌላ። እኛም ስልክ ላይ "ዕጣ ወጥቶልዎታል" የሚለውን የምናውቀው ነው፣ አሠራሩ አንድ ነው። ኬቢሲ የሚባል ሎተሪ ግን የለም። እውነተኛው ፕሮግራም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ላልመለሰ ሰው 25 ላክ አይሰጥም፤ ግብሩንም ከሽልማቱ ላይ ይቆርጣል እንጂ አስቀድመህ ክፈል አይልም። ያም ሆኖ የሚላክ ገንዘብ አልጠፋም፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው አሚታብ ነዋ።